ቀለም መቀየር በኪሮሽ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

መጀመሪያ የሠራሁት ባለ ሁለት ቀለም ሥራ ሻርፕ ነበር፤ ነጭና ሰማያዊ፣ ካሬ ካሬ ያለው። ከሩቅ ሲያዩት ደህና ነው። ቀረብ ብሎ ላየው ግን ሰማያዊው በሚጀምርበት ቦታ ሁሉ አናቱ ላይ አንዲት ነጭ ነጠብጣብ ጉብ ብላለች። ነጩ ሲጀምር ደግሞ ሰማያዊ። ክሩን አማረርኩ። መርፌ ቀየርኩ። ላላ አድርጌ ሠራሁ፣ ጠበቅ አድርጌ ሠራሁ። ነጠብጣቧ ወይ ፍንክች! ለካስ ቀለም ስቀይር ሁልጊዜ አንድ እርምጃ እዘገይ ነበር።

ማንም አልዋሸኝም። የነገሩኝ ሰዎችም እንደዚያው ነበር የሚሠሩት። ስለ ቀለም መቀየር ከእጅ ወደ እጅ የሚተላለፈው ምክር አብዛኛው እንዲህ ነው፤ ሲሰሙት ልክ ይመስላል፣ ሥራው ላይ ግን ስሕተቱ ይታያል።

«አንዱን ቀለም ጨርሶ ነው ሌላውን መጀመር»

ኪሮሽ ላይ ስፌት የሚያልቀው እኛ አለቀ ብለን በምናስብበት ቦታ አይደለም። አንድ ስፌት ስትጨርሱ መርፌው ላይ የምትቀረው ቀለበት የሚቀጥለው ስፌት አናት ናት። ተራዋን እየጠበቀች ነው። ስለዚህ ነጩን ሙሉ በሙሉ ዘግታችሁ ሰማያዊውን ከጀመራችሁ፣ የመጀመሪያው ሰማያዊ ስፌት ነጭ ቆብ ደፍቶ ይወጣል። የሻርፔ ነጠብጣብ ይቺ ነበረች።

ቀለሙ መቀየር ያለበት በአሮጌው ቀለም የመጨረሻ ስፌት፣ የመጨረሻዋ ጉተታ ላይ ነው። በሲንግል ክሮሼ፣ ማለትም በአጭሩና በተለመደው ስፌት እንየው። መርፌውን ታስገባላችሁ፣ ክሩን ስባችሁ ታወጣላችሁ፤ አሁን መርፌው ላይ ሁለት ቀለበት አለ። እዚህ ጋ ቁሙ። አሮጌውን ክር ልቀቁት። አዲሱን መርፌው ላይ አዙሩና በሁለቱም ቀለበቶች ውስጥ አሳልፉት። ስፌቱ አሮጌውን ቀለም እንደያዘ ይዘጋል፤ መርፌው ላይ የቀረችው ቀለበት ግን አዲሱ ቀለም ናት። ከሲንግል ረዘም በሚለው በሃፍ ደብል ሦስት ቀለበት መርፌው ላይ ሲኖር ነው የሚቀየረው። ከእሱም በሚረዝመው በደብል ደግሞ የመጨረሻዎቹ ሁለት ቀለበቶች ሲቀሩ።

እግረ መንገዴን፣ ስሞቹ ራሳቸው ሰው ያምታታሉ። አሜሪካኖች ሲንግል የሚሉትን እንግሊዞች ደብል ይሉታል። ስሙን እርሱትና መርፌያችሁን እዩ፤ ስፌቱን ለመዝጋት አንድ ጉተታ ብቻ ሲቀር ያቺ ጉተታ የአዲሱ ቀለም ናት። ረድፍ ጫፍ ላይም ሕጉ አይለወጥም። ሥራውን ከማዞራችሁ በፊት ቀይሩ። ያኔ ወደ ቀጣዩ ረድፍ የምትወጡባት ሰንሰለት በአዲሱ ቀለም ትሆናለች፣ ጫፉም ንጹሕ ይወጣል።

«ካልተቋጠረ ይተረተራል»

ይህን እኔም አምኜበት አንድ ሙሉ ብርድ ልብስ በቋጠሮ ሠርቻለሁ። የመጀመሪያው አጠባ ላይ ግማሾቹ ቋጠሮዎች ወደ ፊት ለፊት ብቅ ብቅ አሉ፤ ሁለቱ ጭራሽ ተፈቱ። የተፈታ ቋጠሮ ክፋቱ መመለሻ የለውም። ተማምናችሁበት ጭራውን፣ ማለትም የተረፈውን የክር ጫፍ፣ አስጠግታችሁ ስለቆረጣችሁት የምትይዙት ክር አይቀርም።

ክሩን በቦታው የሚያቆየው ሰበቃ ነው። ጭራው በስፌቶቹ መሃል ሲመላለስ ከክሩ ጋር ይያያዛል። አሮጌውም አዲሱም ላይ 15 ሴንቲ ሜትር ያህል ጭራ ተዉ። ዓይኑ ሰፋ፣ ጫፉ ደነዝ ያለ የስፌት መርፌ ያዙ። ከጀርባ በኩል፣ ጭራውን በራሱ ቀለም ስፌቶች ውስጥ አስገቡት። ትንሽ ሂዱ፣ አንድ ስፌት ዝለሉ፣ በመጣችሁበት ተመለሱ፣ ከዚያ እንደገና ሂዱ። ዝላይዋ ዋና ነገር ናት፤ ካልዘለላችሁ ስትመለሱ የገባው ሁሉ ይወጣል። ከመቁረጣችሁ በፊት ሥራውን በሁሉም አቅጣጫ ሳብ ሳብ አድርጉት። ጭራው ቦታውን ይይዛል፤ ትርፉን ያኔ ቁረጡ።

ቋጠሮ ኃጢአት ነው እያልኩ አይደለም። በውስጡ የሚሞላ አሻንጉሊት ላይ ቋጠሮው ሆዱ ውስጥ ስለሚቀር ማንም አያየውም፣ እኔም እቋጥራለሁ። በሚያንሸራትት ክር ስትሠሩም አዲሱ ክር እጃችሁ ላይ እንዳይላላ ለጊዜው ላላ አድርጋችሁ ቋጥሩ፤ ስትጨርሱ ፈትታችሁ ጭራውን ደብቁት። አንሸራታች ክር ላይ ጭራውን ከ15 ሴንቲ ሜትር አስረዝሙት።

የበግ ሱፍ ደግሞ የራሱ ጥበብ አለው። የሁለቱን ክሮች ጫፍ ሳሳ ሳሳ አድርጋችሁ ደራርቡ፣ በውሃ አርጥቡ፣ መዳፋችሁ መሃል አድርጋችሁ በኃይል እሹ። ሙቀቱና እሽታው ሱፉን እርስ በርሱ ያጣብቀዋል፤ አንድ ክር ይሆናል። አክሪሊክ በሚባለው ሰው ሠራሽ ክርና ጥጥ ላይ ግን ቀኑን ሙሉ ብታሹ ላብ እንጂ ሌላ አታገኙም። ማሽን ላይ እንዲታጠብ ተብሎ የታከመ ሱፍም እንደዚያው እምቢ ይላል።

«ጭራውን እየሠሩ ከሸፈኑት በቂ ነው»

ግማሽ እውነት። በስፌት መሸፈን ጭራውን ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ ይወስደዋል። ሥራው ሲለጠጥ በመጣበት ሾልኮ ይወጣል። ሸፍኑት፣ ግን ጫፏን አትቁረጡ። በኋላ በስፌት መርፌ አንድ ጊዜ ወደ ኋላ መልሷት።

«ቀለም በተቀየረ ቁጥር ክር መቁረጥ ግድ ነው»

ብዙ ሰው ባለ መሥመር ሥራ የሚጠላው በዚህ ምክንያት ነው። አንድ ብርድ ልብስ ላይ መቶ ጭራ መደበቅ ማንን ደስ ይላል?

ክር የሚቆረጠው ተመልሶ በሚፈለግበት ቦታ ካልተገኘ ብቻ ነው። ሁለት ቀለም ይዛችሁ እያንዳንዱን ሁለት ሁለት ረድፍ ብትሠሩ፣ አንዱ ቀለም ሄዶ ተመልሶ የጀመረበት ጫፍ ላይ ይቆማል። ሌላው ቀለም እዚያው እየጠበቀ ነው። አንስታችሁ መቀጠል ነው፤ መቀስ አያስፈልግም። አንድ አንድ ረድፍ ከሆነ ግን ችግር አለ። ነጩ በቀኝ ጀምሮ ግራ ላይ ያልቃል። ሰማያዊው ከግራ ተነስቶ ቀኝ ላይ ያልቃል። አሁን ነጩን ቀኝ ላይ ትፈልጉታላችሁ፣ እሱ ግን ግራ ላይ ተቀምጧል።

መፍትሔው ሦስተኛ ቀለም ነው። ቢጫ ጨምሩ። ቢጫው ከቀኝ ተነስቶ ግራ ላይ ያልቃል። የሚቀጥለው ረድፍ ከግራ ይጀምራል፤ ነጩም ግራ ላይ ነው! ቀጥሎ ቀኝ ላይ ሰማያዊው ይገኛል፣ ከዚያ ግራ ላይ ቢጫው። እንዲህ እያለ ይዞራል። መጀመሪያ ሲገባኝ ከመቀመጫዬ ተነስቼ ነበር። ሦስት ልቃቂት፣ አንድ አንድ ረድፍ፣ መቀስ የለም።

ሁለት ነገር ብቻ ተጠንቀቁ። ክሩን ወደ ላይ ስታሻግሩ ላላ አድርጉት፤ ከጠበቀ የሥራው ጠርዝ ይሸበሸባል። መሥመሩ ሰፊ ከሆነ ደግሞ፣ ለምሳሌ ስምንት አሥር ረድፍ፣ ቆርጦ እንደገና መጀመር ይሻላል። ጠርዙ ላይ ረጅም ክር ተንጠልጥሎ ጣት ሲይዝ ያስጠላል።

«ውስጥ ለውስጥ የሄደ ክር አይታይም»

ታፔስትሪ በሚባለው አሠራር፣ ለጊዜው የማትፈልጉትን ቀለም ረድፉ አናት ላይ አስተኝታችሁ በሌላው ቀለም ስፌት ትሸፍኑታላችሁ። ቶሎ ቶሎ ለሚቀያየር ትንንሽ ንድፍ ግሩም ነው። ግን «አይታይም» የሚለው በስፌቱና በቀለሙ ይወሰናል። ነጭ ውስጥ የተሸሸገ ጥቁር ክር በስፌቶቹ መሃል አጮልቆ ያያል። ስፌቱ ሲረዝም ደግሞ ክፍተቱ ይሰፋል፤ በደብል የተደበቀ ክር ተደበቀ አይባልም። ለዚህ ሥራ ሲንግል ነው የሚመረጠው፤ መርፌውም ሥራው ጥቅጥቅ እንዲል ትንሽ ይቀጥናል።

ሌላው ውፍረት ነው። ክር የተሸከመ ረድፍ ካልተሸከመው ይወፍራል። ንድፉ አምስተኛው ረድፍ ላይ የሚጀምር ከሆነ እኔ ሁለተኛውን ክር ከመጀመሪያው ረድፍ ጀምሬ አሸክመዋለሁ። ክር ይበላል፣ እውነት ነው። ግን ሥራው ከታች እስከ ላይ አንድ ዓይነት ሆኖ ይወጣል። በየጥቂት ስፌቱም የተኛውን ክር ቀስ ብላችሁ ሳብ አድርጉት፤ ውስጥ ተጨማዶ እንዳይቀር።

ትልልቅ የቀለም ቦታ ካለ፣ ለምሳሌ መሃል ላይ አንድ ትልቅ ልብ፣ ታፔስትሪን ተዉት። ኢንታርሲያ የሚባለው ይሻላል። እያንዳንዱ የቀለም ቦታ የራሱ ትንሽ ልቃቂት ይኖረዋል፤ ስትደርሱበት አንዱን ትጥላላችሁ፣ ሌላውን ታነሳላችሁ። እዚህ ላይ ጀማሪ ሁሉ የሚሳሳትበት ነገር አለ። ክሩ ሁልጊዜ በሥራው ጀርባ በኩል ነው የሚጣለው። ሥራውን አዙራችሁ ስትመለሱ ግን ጀርባው ወደ እናንተ ነው፤ ስለዚህ ያኔ ክሩን ወደ ራሳችሁ ትጥሉታላችሁ። ይህን ረስቼ ፊት ለፊት ላይ የክር ድልድይ ሠርቼ አውቃለሁ።

«ዙር ላይ ደረጃ ከወጣ ሠሪው አላወቀበትም»

ኮፍያ ላይ መሥመር ስትሠሩ የቀለሙ መነሻና መድረሻ አይገጥምም፤ አንድ ደረጃ ይፈጠራል። እጃችሁን አትውቀሱ። ዙሩን ሳትዘጉ በቀጣይነት ስትሠሩ የምትሠሩት ክብ ሳይሆን ጠመዝማዛ ነው፤ የዙሩ መጨረሻ ከመጀመሪያው አንድ ረድፍ ከፍ ብሎ ያርፋል። ደረጃው የመጣው ከዚያ ነው።

ሙሉ በሙሉ አይጠፋም፣ ግን ይለዝባል። ቀለሙን እንደተለመደው በመጨረሻዋ ጉተታ ቀይሩ። ከዚያ የአዲሱን ቀለም የመጀመሪያ ስፌት ሲንግል በማድረግ ፋንታ ስሊፕ ስቲች አድርጉት። ስሊፕ ስቲች አጭር ስለሆነች ደረጃዋን ዝቅ ታደርጋለች። በሚቀጥለው ዙር እላይዋ ላይ ሲንግል ሠርታችሁ እለፉ።

ንድፉ እየዘመመ የሚሄድባችሁም ካላችሁ አይዟችሁ። ሥራው ሳይዞር በዙር ሲሠራ የሲንግል አናት ከእግሩ ትንሽ ወደ ጎን ያርፋል። በቀኝ እጅ ለሚሠራ ንድፉ ወደ ቀኝ ይዘማል፣ በግራ ለሚሠራ ወደ ግራ። መርፌውን ከአናቱ ቀለበቶች ይልቅ በስፌቱ እግር መሃል ብታስገቡት ይቃናል። ግን ሥራው ድርቅ ይላል፣ እጅም ያደክማል፤ ተለቅ ያለ መርፌ ያዙ።

«ቁጥሩ አንድ ከሆነ ቀለሙም አንድ ነው»

አይደለም። ክር በተለያየ ጊዜ ይነከራል፤ አንድ የቀለም ቁጥር ያላቸው ሁለት ልቃቂቶች ከተለያየ ነከራ ሊመጡ ይችላሉ። እጃችሁ ላይ አንድ ይመስላሉ። ብርድ ልብሱ አልጋ ላይ ሲዘረጋ ግን መሃሉ ላይ መሥመር ይታያል። ልቃቂቱ የታሰረበት ወረቀት ላይ ከቀለሙ ቁጥር ሌላ የነከራው ቁጥርም አለ፤ እሱን አስተያዩ። ማግኘት ካልቻላችሁ ሁለቱን ልቃቂቶች ሁለት ሁለት ረድፍ እያፈራረቁ መሥራት ልዩነቱን ያዳፍነዋል።

«ውፍረቱ ከገጠመ የትኛውም ክር አብሮ ይሄዳል»

ውፍረት አንድ ነገር ነው፣ መታጠብ ሌላ። ያልታከመ ሱፍ በሙቅ ውሃ ይሰበሰባል፣ አክሪሊክ ባለበት ይቀራል። ሁለቱ አንድ ሥራ ላይ ሲጋጠሙ ከአጠባ በኋላ ሥራው ይጨማደዳል። ከዚህ የባሰው ግን ቀለም መልቀቅ ነው። ደማቅ ቀይ፣ ጥቁርና ጥልቅ ሰማያዊ ከነጭ አጠገብ ሲሆኑ እኔ አላምናቸውም። ከመጀመሬ በፊት ትንሽ ክር አርጥቤ በነጭ ጨርቅ ጠቅልዬ ጫን አደርጋለሁ፤ ሲደርቅ አየዋለሁ። ጨርቁ ቀለም ከያዘ ያ ክር ለብቻው ነው የሚሠራው።

«ልቃቂቱ ላይ ካማረ ሥራው ላይም ያምራል»

ልቃቂት ትልቅ የቀለም ክምር ነው፤ ስፌት ትንሽ ነጥብ ናት። ሁለት የተለያዩ ቀለሞች የብርሃን መጠናቸው ከተቀራረበ ስፌቶቹ ሲደባለቁ ንድፉ ይጠፋል። ልቃቂቶቹን ጎን ለጎን አስቀምጡና በስልካችሁ ጥቁርና ነጭ ፎቶ አንሷቸው። ባለፈው ለትራስ ልብስ ቀይና አረንጓዴ መርጬ ነበር፣ ተቃራኒ ናቸው ብዬ። ፎቶው ላይ ሁለቱም ያው ግራጫ ሆነው ቁጭ አሉ። አረንጓዴውን መልሼ ፈዘዝ ያለ ቢጫ አወጣሁ።