ትርፋቸውና ጉድለታችን

በክርስቶስ የተወደዳችሁ ወንድሞችና እኅቶች፤ በዚህ በጅማ ከቅዳሴ በኋላ በቅጽሩ ውስጥ ቆመው «ፈረንጅ እርዳታውን ቢያቋርጥ ምን ቸገረን?» የሚሉ ምእመናንን ደጋግሜ በመስማቴ አዝኛለሁ። የአሜሪካ መንግሥት የውጭ እርዳታውን ለ90 ቀናት ያገደው ጥር 12 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ እመቤታችን «የወይን ጠጅ እኮ የላቸውም» ብላ የለመነችበትን የቃና ዘገሊላን በዓል ስናከብር ነበር። በአገራችን የኤችአይቪ መድኃኒት ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ ለሕሙማን በነፃ ሲታደል ወጪውን በአብዛኛው የሸፈኑት ኤችአይቪን፣ ሳንባ ነቀርሳንና ወባን ለመዋጋት የቆመው ዓለም አቀፍ ድርጅት ግሎባል ፈንድና ይኸው የአሜሪካ መንግሥት ናቸውና፣ «ምን ቸገረን» ባዩ አጠገቡ ቆሞ ያስቀደሰውን ወንድሙን ዘንግቷል።

ሐዋርያው ቅዱስ ጳውሎስ ለኢየሩሳሌም ድሆች ገንዘብ ሲያሰባስብ ለቆሮንቶስ ሰዎች «በአሁኑ ጊዜ የእናንተ ትርፍ የእነርሱን ጉድለት ይሙላ» ብሎ ጻፈላቸው (2ኛ ቆሮ. 8፥14)። ይህን ቃል እጅግ እወደዋለሁ፤ ሰጪውን ጌታ፣ ተቀባዩን ለማኝ አያደርግምና። ወዲያውም በምድረ በዳ የወረደውን መና ያነሣል፤ በዚያ ብዙ የሰበሰበ አላተረፈም፣ ጥቂት የሰበሰበም አልጎደለበትም። ባለጸጎቹ አገሮች ከብሔራዊ ገቢያቸው 0.7 በመቶውን ለድሆች አገሮች ልማት እንዲሰጡ የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ በ1970 እ.ኤ.አ. ቢወስንም፣ እዚያ የደረሱት ጥቂቶች ናቸው። እኛ ግን ትርፍ ሳይኖረን ከጉድለታችን እንሰጣቸዋለን፤ በእኛው ዩኒቨርሲቲዎች፣ በድሃው ግብር ከተማሩት ሐኪሞች ስንቶቹ ዛሬ የእነርሱን ሕሙማን ያክማሉ! ለማስተማሪያ የወጣውን ማን መለሰልን?

ሆኖም ወቀሳው በእነርሱ ላይ ብቻ አይቀርም። የአፍሪካ መሪዎች በ2001 እ.ኤ.አ. አቡጃ ላይ ከበጀታቸው 15 በመቶውን ለጤና ሊመድቡ ቃል ገብተው አብዛኞቹ አልፈጸሙትም። እኛም ብንሆን ለንግሥ በዓል ድግስ የማይሰስተው እጃችን፣ የጎረቤታችን የጤና መድን መዋጮ ሲጎድል ያጥራል። ሐዋርያው ለቆሮንቶስ ባለጸጎች አብነት አድርጎ ያቀረበላቸው እኮ በጥልቅ ድህነታቸው ውስጥ ሆነው የሰጡትን የመቄዶንያን ምእመናን ነው! ድህነታችን ከመስጠት የሚያግደን ምክንያት አይደለም ብንል ደግሞ እንዴት ባማረብን፤ እኛ ግን ገልብጠን ይዘነዋል።

ስለዚህ እያንዳንዱ የጽዋ ማኅበር ከሚቀጥለው ዝክር በፊት የድግሱን ወጪ ቀንሶ፣ የመድን መታወቂያውን ማሳደስ ላቃተው ምእመን መዋጮውን እንዲከፍልለት እለምናለሁ። የተቸገረውንም ሰው ስም ለንስሐ አባቱ ብቻ ንገሩ፤ በማኅበሩ ፊት አይነበብ።