የገመድ መበጠሻ ጭነት ምንድን ነው?

«ይህ ገመድ 2000 ኪሎ ይችላል።» ትንንሽ ባለ ሸራ ጀልባ ካላቸው ሰዎች ይህን አባባል ስሰማ ዓመታት ሆነኝ። በቅርቡ ደግሞ አንድ አስተያየት ሰጪ በልበ ሙሉነት ጽፎት አየሁ። ማሸጊያው 2000 ኪሎ ይላል፣ ጀልባዬ ከነዕቃዋ 900 ኪሎ ናት፣ ስለዚህ ከእጥፍ በላይ ትርፍ አለኝ ነው የሚለው። በዚህ ስሌት የሚመራ ሰው አንድ ቀን መጎዳቱ አይቀርም።

ማሸጊያው ላይ ያለው ቁጥር የመበጠሻ ጭነት ነው። ገመዱ እዚያ ሲደርስ ይበጠሳል። የሚለካው ደግሞ መሞከሪያ ማሽን ላይ ነው። ገመዱ አዲስ ነው፣ ቀጥ ብሎ ተወጥሯል፣ ቋጠሮ የለበትም፣ ጉተታውም ቀስ እያለ ነው የሚጨምረው። ጀልባ ላይ እነዚህን አራቱን አንድ ላይ አታገኟቸውም።

ለሥራ የሚታሰበው ጭነት ከዚህ በጣም ያንሳል። በሙያው የተለመደው የመበጠሻውን ቁጥር ከ5 እስከ 12 ባለው ማካፈል ነው። 2000 የተባለው ገመድ እንግዲህ 400 ኪሎ ሆነ፣ ጥንቃቄ ለሚፈልግ ሥራ ደግሞ 170 ገደማ። ቁጥሩ በኪሎኒውተን ከተጻፈ፣ 1 ኪሎኒውተን 102 ኪሎ ገደማ መሆኑን ያዙ። ይህንን ሳያዩ የሚገዙ ብዙ ናቸው።

የጀልባዋን ክብደት ከገመዱ ቁጥር ጋር ማወዳደሩም ስህተት ነው። ጀልባዋን የተሸከመው ውኃው ነው። ገመዱን የሚጎትተው ነፋስና ማዕበል ነው፣ ከሁሉ የከፋው ደግሞ ድንገተኛው ንጥቂያ። የላላ ገመድ በአንድ ጊዜ ሲወጠር የሚፈጠረው ጉልበት ከጀልባዋ ክብደትም ሊበልጥ ይችላል። ለዚህ ነው ጀልባ ወደብ ላይ ለማሰር የሚለጠጠውን ናይለን የምንመርጠው፤ መለጠጡ ንጥቂያውን ያበርደዋል። ሸራውን ወደ ላይ ስበን በምንሰቅልበት ገመድ፣ በሸራ መስቀያው ላይ፣ ግን መለጠጥ አይፈለግም፤ እዚያ ፖሊስተር ይሻላል። ናይለን ሲረጥብ ከጉልበቱ 10 በመቶ ወይም ከዚያ በላይ እንደሚያጣም አትርሱ።

አሁን በጣም ወደሚያበሳጨኝ ነገር ልምጣ። ያው አስተያየት ሰጪ «ካላመናችሁት ሁለት ጊዜ ቋጥሩት፣ ይጠነክራል» ብሎ መክሯል። ቋጠሮ ገመድን ያደክማል እንጂ አያጠነክርም።

በገመዱ ውስጥ ያሉትን ክሮች ቃሬዛ እንደተሸከሙ ሰዎች አስቧቸው። መንገዱ ቀጥ ሲል ሸክሙ ለሁሉም ይዳረሳል። ቋጠሮ ግን ጠባብ መታጠፊያ ነው። መታጠፊያው ላይ በውጭ በኩል ያሉት ክሮች ረጅሙን መንገድ ስለሚዞሩ ይወጠራሉ። በውስጥ በኩል ያሉት ይላላሉ፤ ትከሻቸው ከቃሬዛው ተላቀቀ ማለት ነው። ሸክሙ ግን አልቀነሰም። ከውጭ ካሉት አንዱ ሲወድቅ ድርሻው ወደ ጎረቤቱ ያልፋል፣ ከዚያም ወደ ቀጣዩ። ገመድ ብዙውን ጊዜ ቋጠሮው አፍ ላይ የሚበጠሰው ለዚህ ነው። ሁለተኛ ቋጠሮ ከኋላ ብትጨምሩ አዲስ ተሸካሚ አልመጣም። የመጀመሪያው መታጠፊያ እዚያው አለ።

ተራው ነጠላ ቋጠሮ የገመዱን ጉልበት ወደ ግማሽ ያወርደዋል። ቦውላይን የሚባለው፣ ጀልባ ላይ በብዛት የምንሠራበት የማይጠብቅ ቀለበት፣ ከ60 እስከ 75 በመቶ የሚሆነውን ያስቀራል። ስፕላይስ ደግሞ የገመዱን ጫፍ ፈትቶ ፈትሎቹን መልሶ በገመዱ አካል ውስጥ መጎንጎን ነው። በደንብ ከተሠራ 90 በመቶ ገደማ ይይዛል። እዚህ ተሸካሚዎቹ ሳይቆሙ፣ እየተራመዱ፣ አንድ በአንድ ነው የሚቀያየሩት። ቁጥሮቹ እንደ ገመዱ ዓይነት ይለያያሉ። ዳይኒማ የሚባለው በጣም ጠንካራ ሰው ሠራሽ ገመድ ላይ በተለይ እነዚህን አትመኑ። በጣም ስለሚያንሸራትት ቋጠሮው ሳይበጠስ ሊሾልክ ይችላል፤ ስለዚህ ስፕላይስ ነው የሚሠራለት።

መበጠስና መፈታት ደግሞ ለየቅል ናቸው። ሪፍ ኖት፣ ሁለት ጫፎችን ሁለቴ አቆላልፎ የሚታሰረው ጠፍጣፋ ቋጠሮ፣ ሸራ ጠቅልሎ ለማሰር ጥሩ ነው። ሁለት ገመድ ለመቀጠል ስትጠቀሙበት ግን አንዱ ጫፍ ወደ ኋላ ከተሳበ ተገልብጦ ይሾልካል። ለመቀጠል ደብል ሺት ቤንድ የሚባለውን የመቀጠያ ቋጠሮ ሥሩ። ቦውላይንም ቢሆን ገመዱ ግትርና አንሸራታች ከሆነ፣ ላላ ጠበቅ ሲል ይፈታል። የተረፈውን ጫፍ ቢያንስ የገመዱን ውፍረት 12 እጥፍ አድርጋችሁ አስቀሩ።

እስካሁን ያወራሁት ስለ አዲስ ገመድ ነው። ገመድ ሲያረጅ ተሸካሚዎቹ ራሳቸው ይቀንሳሉ። ጸሐይ ላዩን ታደርቀዋለች፣ ፖሊፕሮፒሊን የሚባለውን የፕላስቲክ ገመድ በተለይ ቶሎ ትሰብረዋለች። የደረቀ ጨው ክሮቹን ይፍቃል። ስለዚህ በንጹሕ ውኃ እጠቡት፣ ጥላ ላይ አድርቁት። በረኪና አታስነኩት። ባለ ሦስት ፈትል ገመድ ከሆነ በእጃችሁ ጠምዝዛችሁ ክፈቱትና ውስጡን እዩ፤ ዱቄት የመሰለ ብናኝ ካለ ክሮቹ እርስ በርስ ተፋጭተዋል። ሸራ መስቀያው መዘውር ላይ የሚያርፍበት ቦታ ቀድሞ ያልቃል። ገመዱን ጫፍ ለጫፍ አገላብጣችሁ ብትገጥሙት ድካሙ ወደ ሌላ ቦታ ይሄዳል።

አንድ ነገር ግን አጥብቄ ልናገር። ከትንንሾቹ ጀልባዎች ብዙዎቹ ላይ በእጅ የሚሳበውን ገመድ የምንመርጠው ለጉልበቱ ሳይሆን ለእጅ እንዲመች ነው። 8 ወይም 10 ሚሊ የሚሆነው ለዚህ ነው፤ ጉልበቱ ከሚፈለገው በላይ ነው። በዚህ ምክንያት ብዙ ሰው ስሌቱን ተሳስቶም ምንም ሳይደርስበት ይቆያል። ያው ሰው ያንኑ ገመድ መኪና ለመጎተት ወይም ምሰሶ ላይ ሰው ለማውጣት ሲያመጣው ነው ትርፉ የሚያልቀው። ሰው የሚንጠለጠልበት ገመድ ለብቻው ይቀመጥ፤ ለሌላ ሥራ አይነካ።