«ሁሉም ካነሳው ከባድ ሥራ የለም»፦ የሃዋይ አባባልና የሄኤያ ካብ

የሃዋይ ሰዎች «አኦሄ ሃና ኑዊ ኬ አሉ ኢያ» ይላሉ። ሁሉም ተባብሮ ከያዘው ትልቅ የሚባል ሥራ የለም ማለት ነው። የእኛው «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የቅርብ ዘመዱ ነው።

አባባሉ በቃል ሲወርድ ሲዋረድ የመጣ ነው። ሃዋያዊቷ ሊቅ ሜሪ ካዌና ፑኩዊ ዕድሜ ልካቸውን ከሰበሰቧቸው ወደ 3,000 የሚጠጉ አባባሎች አንዱ ሲሆን፣ ስብስቡ እ.ኤ.አ. በ1983 ታትሟል።

ከምን ዓይነት ኑሮ እንደወጣ ለመረዳት ግን የሄኤያን የዓሣ ኩሬ ማየት ይበልጣል። ኩሬው ኦአሁ ደሴት ላይ፣ ካኔኦሄ የባሕር ወሽመጥ ዳር ነው። ከ600 እስከ 800 ዓመት እንደሚሆነው ይገመታል። 35 ሄክታር ገደማ ይሰፋል። ዙሪያውን 2 ኪሎ ሜትር ያህል የድንጋይ ካብ ይዞረዋል። በውስጥና በውጭ ጥቁር የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ተደርድሮ መሃሉ በኮራል፣ ማለትም ጥቃቅን የባሕር እንስሳት በሠሩት ድንጋይ መሰል ነገር፣ ተሞልቷል። ሲሚንቶ የሚባል ነገር የለበትም።

ካቡ ላይ የእንጨት በሮች አሉ። በእንጨቶቹ መሃል ጠባብ ክፍተት ተትቷል። ትንንሽ ዓሦች በክፍተቱ ሾልከው ይገባሉ። ወደ ኩሬው የሚገባው የወንዝ ውሃ ከባሕሩ ጋር ሲደባለቅ የሚበቅለውን ዋቅላሚ፣ ማለትም ውሃ ላይ የሚበቅለውን አረንጓዴ ነገር፣ እየበሉ ይወፍራሉ። ከዚያ በኋላ ልውጣ ቢሉም በሩ አያሾልካቸውም። ሁሌም ይህ ብልሃት ይደንቀኛል!

ያን ጊዜ ሃዋይ ውስጥ በሬም ሆነ የጋማ ከብት አልነበረም። ያ ሁሉ ድንጋይ በሰው እጅ ነው የመጣው። አባባሉ የእንዲህ ያለ ሕዝብ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1965 ከባድ ጎርፍ ካቡን ናደው። ከውጭ የመጣው ማንግሮቭ የተባለ የባሕር ዳር ዛፍ ደግሞ ሥሩን በድንጋዮቹ መሃል እየሰደደ ያፈርሰው ጀመር። በ1973 ኩሬው በአሜሪካ ብሔራዊ የታሪካዊ ቦታዎች መዝገብ ላይ ሰፈረ። መዝገብ ግን ካብ አይክብም። ሥራው የተጀመረው በ2001 ወጣት ሃዋያውያን «ፓኤፓኤ ኦ ሄኤያ» የተባለውን ማኅበር ሲያቋቁሙ ነው። ማንግሮቩን በመጋዝ እየቆረጡ፣ የተናደውን ድንጋይ እየለቀሙ መልሰው ካቡት። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2015 «ፓኒ ካ ፑካ»፣ ማለትም «ቀዳዳውን ድፈን» ብለው ሕዝቡን ጠሩ። ወደ 2,000 ሰው መጣ። ተሰልፈው ድንጋይ ከእጅ ወደ እጅ ተቀባበሉ፤ ጎርፉ የከፈተው ቀዳዳም ተደፈነ።

ብዙዎች አባባሉን ሲተረጉሙ ያችን ቀን ብቻ ያነሳሉ። ለእኔ ከዚያ በፊት ያሉት 14 ዓመታት ይበልጡብኛል። በየጊዜው ቅዳሜ ጠዋት ጭቃ ውስጥ እየገቡ ካቡን የጠገኑ በጎ ፈቃደኞች ባይኖሩ፣ የዚያ ቀን ሰልፍ የአንድ ሰሞን ሆይ ሆይታ ሆኖ በቀረ ነበር። «ተባብሮ» ሲባል እነሱም ይቆጠራሉ፤ ከ600 ዓመት በፊት የመጀመሪያውን ድንጋይ ያቀበሉትም እንዲሁ።

ማንግሮቩ ከተቆረጠ በኋላም መልሶ ይበቅላል። ስለዚህ የቅዳሜው ሥራ አልቆመም።