«ማታ ይወሰድ» የሚለው ትእዛዝ ለየትኛው ስታቲን ነው?

ደብረ ብርሃን ውስጥ ኮሌስትሮል ለመቀነስ ስታቲን የታዘዘላቸው ሁለት ጎረቤታሞች መድኃኒታቸውን ቢያስተያዩ፣ አንደኛው ላይ «ማታ»፣ ሌላው ላይ «በቀን አንድ ጊዜ» ተብሎ ሊያገኙት ይችላሉ። የተሳሳተ የለም። ጉበት ኮሌስትሮልን በብዛት የሚሠራው ሌሊት ነው፤ ሲምቫስታቲን ደግሞ ከደም ውስጥ ቶሎ ስለሚወጣ ማታ ይዋጣል። አቶርቫስታቲንና ሮሱቫስታቲን ግን ረጅም ሰዓት ስለሚቆዩ ጠዋትም ሆነ ማታ ያው ናቸው፤ ዋናው ሰዓቱን አለመቀያየር ነው።

ዐቢይ ጾም ሲገባ «ሥጋና ቅቤ ትቼ የለም ወይ፣ መድኃኒቱ ምን ያደርግልኛል?» የሚል አይጠፋም። አብዛኛውን ኮሌስትሮል የሚሠራው የራሳችን ጉበት ነው፤ እሱ ደግሞ አይጾምም። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውኃ ለማይቀምስ ሰው የማታው ሰዓት እንዲያውም ይመቸዋል። የምርመራው ቁጥር ወረደ ብሎ ማቆምም ያው ስሕተት ነው፤ ያወረደው መድኃኒቱ ነውና ሲቆም ተመልሶ ይወጣል።

አጨዳ ላይ የዋለ ሰው ጡንቻውን ቢያመው አይገርምም። ስታቲን ግን አልፎ አልፎ ጡንቻን ሊጎዳ ስለሚችል፣ ያለ ሥራ የሚመጣ ብርቱ የጡንቻ ሕመም፣ በተለይም ሽንት እንደ ጠላ ከጠቆረ፣ በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ ያስኬዳል። ክላሪትሮማይሲን የሚባለው አንቲባዮቲክ ከሲምቫስታቲን ጋር አብሮ አይወሰድም፤ ስለዚህ የምትወስዱትን ሁሉ ለፋርማሲ ባለሙያው ንገሩ። ነፍሰ ጡር የሆነች ወይም ለማርገዝ ያሰበች ሴት አስቀድማ ሐኪሟን ታማክር።