ኤክስትራ ኢኒንግ ምንድን ነው? ወርቃማ ጎል አይደለም!

ሰሞኑን ደግሞ አንዱ ተንታኝ «ኤክስትራ ኢኒንግ የቤዝቦል ወርቃማ ጎል ነው፤ ቀድሞ ያስቆጠረ አለቀ» ሲል ሰማሁት። ስንተኛዬ እንደሆነ እንጃ። ዝም ብዬ ላልፈው ነበር፣ ግን ቅዳሜ ቅዳሜ የልጆች ቤዝቦል ነጥብ የምመዘግብ ሰው ነኝና አላስቻለኝም።

ዘጠኝ ኢኒንግ (ሁለቱ ቡድኖች በየተራ የሚመቱበት ዙር) በእኩል ነጥብ ካለቀ ጨዋታው ይቀጥላል፣ ይሄ ግልጽ ነው። የሚጨመረው ግን ሰዓት ሳይሆን ተራ ነው። (በአሜሪካው ትልቁ ሊግ ከ2023 ወዲህ ፒቸሩ፣ ማለትም ኳስ ወርዋሪው፣ ላይ የሚቆጠረውን ሰዓት ረስቼው አይደለም፤ እሱ ውርወራውን ያፋጥናል እንጂ ጨዋታውን አይዘጋም። የልጆች ጨዋታ ላይ የሰዓት ገደብ የሚያደርጉም አሉ፣ እሱን ተዉት።) እንግዳው ቡድን ቀድሞ ይመታል፣ ባለሜዳው ይከተላል። እንግዳው አስር ነጥብ ቢያስቆጥርም ባለሜዳው ተራውን ሳያገኝ ወደ ቤቱ የሚሄድ የለም።

የድሮውን ሙግት አስቡት። ከሳሽ ይነሳና «በላ ልበልሃ» ብሎ አንጀት የሚያርስ ንግግር ያደርጋል። ዳኛው ግን የአንዱን ወገን ብቻ ሰምቶ አይፈርድም። እንግዳው ከሳሽ ነው፣ ባለሜዳው መልስ ሰጪ። አውቶቹን (መቺዎች ወይም ሯጮች ከጨዋታው ተራ የሚወጡባቸውን፣ ሦስት ሲሞሉ የቡድኑ ተራ የሚያልቅባቸውን) ሦስት ምስክር በሏቸው፤ ሦስቱም እስኪወድቁበት ድረስ መልስ ሰጪው አፉን አይዘጋም። ከሳሹን ከበለጠው ደግሞ ምስክር ቢተርፈውም ችሎቱ እዚያው ይበተናል። እንዲህ ያለ ችሎት እንደሌለ አውቃለሁ፣ ምሳሌውን ገፋሁት። ለተንታኙ የምለቅለት ይቺን ብቻ ናት፤ የባለሜዳው ነጥብ ወርቃማ ጎል ይመስላል። እሱም ቢሆን ዘጠነኛው ኢኒንግ ላይም ያለ ሕግ ነው።

ካላመናችሁ ኦክቶበር 25 ቀን 1986 ኒውዮርክ፣ ሺ ስታዲየም። የወርልድ ሲሪስ (ቀድሞ አራት ጨዋታ ያሸነፈ ዋንጫ የሚወስድበት የአሜሪካ ቤዝቦል ፍጻሜ) 6ኛ ጨዋታ፣ ባለሜዳው ሜትስ ከቦስተን ሬድ ሶክስ፤ ቦስተን ሦስቱን አሸንፎ አንድ ብቻ ቀርቶታል። ዘጠኙ 3 ለ 3 አለቀ። አስረኛው እንደጀመረ የቦስተኑ ዴቭ ሄንደርሰን ሆም ራን (መቺው ዞሮ ነጥብ የሚያስቆጥርበት ረጅም ምት) መታ፣ ሌላም ተጨመረና 5 ለ 3። በተንታኛችን ሕግ ቢሆን ሄንደርሰን እንደመታ ዋንጫው ቦስተን ነበር። ግን ሜትሶች ተራ አላቸው። ሁለቱ ወዲያው አውት ሆኑ፣ ቤዝ (ሯጩ ዞሮ ነጥብ ለማስቆጠር የሚረግጣቸው ማረፊያዎች) ላይ ማንም የለም፣ የስታዲየሙ ሰሌዳ ሳይቀር ቸኩሎ ቦስተንን «እንኳን ደስ ያላችሁ» ብሎ ብልጭ አለ። አንድ ምስክር ነው የቀረው! ካርተር መታ፣ ሚቸል መታ፣ ሬይ ናይት ሁለት ስትራይክ ላይ ሆኖ (ሦስተኛው አውት ያደርገው ነበር) መታና 5 ለ 4። ቦስተን ፒቸር ቀይሮ ቦብ ስታንሊን አስገባ፤ የስታንሊ ኳስ ከካቸሩ (ከመቺው ጀርባ ሆኖ ኳሷን ከሚቀበለው) አመለጠችና ሚቸል ሮጦ ገባ፣ 5 ለ 5። (የካቸሩ ጥፋት ነው የሚሉ አሉ፤ መዝገቡ ግን በስታንሊ ላይ ነው የጻፈው፣ እኔም ከመዝገቡ ጋር ነኝ።) ከዚያ ሙኪ ዊልሰን የመታት መሬት ለመሬት የምትሄድ ኳስ በቦስተኑ ቢል በክነር እግሮች መካከል ሾለከች። ናይት ገባ፣ 6 ለ 5፣ አበቃ።

ይኸው ተንታኝ «ዋንጫውን ያሳጣቸው በክነር ነው» ማለቱ አይቀርም። ኳሷ ስታመልጠው እኮ ጨዋታው እኩል ነበር! ይዟት አውት ቢያደርግ እንኳ የሚከተለው 11ኛ ኢኒንግ ነው። ደግሞም 6ኛ ጨዋታ ነው ያልኩት። 7ኛውን ከሁለት ቀን በኋላ ሜትስ 8 ለ 5 አሸነፈ፣ ያውም ቦስተን 3 ለ 0 ከመራ በኋላ።