የውሻ የኋላ እግር አረማመድ ለምን ይበላሻል?

ጎንደር ውስጥ ውሻ የኋላ እግሩን እየጎተተ ሲታይ ሰው ቶሎ የሚለው «ማን መታው?» ነው። ልክ ሊሆን ይችላል። ባጃጅ ይገጨዋል፣ ድንጋይ ይወረወርበታል፣ መዳፉ ላይ የጠርሙስ ስባሪ ይሰካበታል። ግን ሁሉም በዱላ የመጣ አይደለም። ሳይነኩት አረማመዱን በደንብ ማየት ብዙ ይጠቁማል።

የዳሌ መጋጠሚያው የላላ ውሻ ዳገት ሲወጣ ሁለቱን የኋላ እግሮቹን አንድ ላይ ሰብስቦ ይዘላል። ችግሩ በዘር ይወረሳል፤ እንደ ጀርመን ሸፐርድ ባሉ ትልልቅ ዝርያዎች ይበዛል፤ ውፍረት ደግሞ ያባብሰዋል። የጉልበት ሎሚው የሚንሸራተት ትንሽ ውሻ ለጥቂት እርምጃ እግሩን አንስቶ ይሄድና ምንም እንዳልሆነ መልሶ ይረግጣል። የጉልበቱ ጅማት የተበጠሰ ግን ሲቆም በጣቱ ጫፍ ብቻ መሬት ይነካል።

ከነርቭ የሚመጣው ሌላ መልክ አለው። ውሻው ይንገዳገዳል፣ እግሮቹ ይጠላለፋሉ፣ ጥፍሩ ኮብልስቶኑን ሲፍቅ ይሰማል። ሐኪም የኋላ መዳፉን አጥፎ የመዳፉን ጀርባ መሬት ያስነካል። ጤነኛ ውሻ ወዲያው ይመልሰዋል፤ ነርቩ የተጎዳ እንደታጠፈ ይቀራል። መነሻው የአከርካሪ ዲስክ መንሸራተት ወይም በእርጅና የሚመጣ የህብለ ሰረሰር መድከም ሊሆን ይችላል። ያልተከተበ ቡችላ ላይ ዲስቴምፐር የሚባለውን የውሾች የቫይረስ በሽታ መጠርጠር ይገባል፤ መጀመሪያ የዓይንና የአፍንጫ ፈሳሽ፣ ተቅማጥ ይታያል፣ እግሩ መንቀጥቀጥና መዛል የሚጀምረው ኋላ ነው።

ከሁሉም የሚያሰጋኝ የእብድ ውሻ በሽታ ነው። ሁልጊዜ በመናከስ አይጀምርም። አንዳንዱ ውሻ ዝም ብሎ የኋላ እግሩ ይዝላል፣ ድምፁ ይለወጣል፣ ለሀጩ ይዝረከረካል፣ መንጋጋው ይወድቃል። አጥንት አነቀው ብሎ እጁን አፉ ውስጥ የሚከት ሰው አለ፤ እባካችሁ ይህን አታድርጉ። ውሻው የነከሰው ወይም ለሀጩ ቁስሉን የነካው ሰው በውሃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ ይታጠብ፣ በዚያው ቀን ጤና ተቋም ይሂድ። ጸበል የሚሄድም ክትባቱን አስቀድሞ ይጀምር።

የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ ስላለው ከተማው ባለሙያ አያጣም። ውሻ ሐኪም ፊት ሲደርስ ከፍርሃቱ የተነሳ ማነከሱን ሊደብቅ ስለሚችል፣ ቤት ሲራመድ በስልክ ቀርጻችሁ ውሰዱ። ዲክሎፍናክም ሆነ አይቡፕሮፌን አትስጡት፤ ጨጓራውንና ኩላሊቱን ይጎዳል። ድንገት ሁለት እግሩ ከዛለበት ደግሞ ጀርባው እንዳይታጠፍ በሳንቃ ላይ አስተኝታችሁ ውሰዱት፤ ነገ ይሻለው ይሆናል ብሎ ማሳደር የመዳን ዕድሉን ያጠብበዋል።