በፍም የተጠበሰ ሰላጣ ምንድን ነው?

ስሙን ስትሰሙ ግራ ብትጋቡ አይገርምም። በእኛ ቋንቋ «ሰላጣ» ሁለት ነገር ነው። ከጉልት የምንገዛው ቅጠልም ሰላጣ ነው፤ ከቲማቲም፣ ከሽንኩርትና ከቃሪያ ጋር ተቀላቅሎ፣ ሎሚ ተጨምቆበት የሚቀርበውም ሰላጣ ነው። ሁለቱንም የምናውቃቸው በጥሬነታቸው ነው። ስለዚህ «ሰላጣ ጠበስኩ» ሲባል ጆሮ ቶሎ አይቀበለውም። ጥብስ ሲባል ሐሳባችን የሚሄደው ወደ ሥጋ፣ ቢበዛ ወደ በቆሎ እሸት ነው።

እኔም መጀመሪያ ያየሁት ቀን ደንግጬ ነበር። አንዲት ጓደኛዬ ግቢዋ ውስጥ ሥጋ ጠብሳ ጨርሳለች፤ ፍሙ ግን ገና ነው። ለሁለት የተሰነጠቀ ሰላጣ አምጥታ ፍርግርጉ ላይ ደፋችው። «አበላሸችው» አልኩ በልቤ። ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ አነሳችው፤ ሎሚና ጨው ጣል አድርጋ አቀበለችኝ። ከዚያን ቀን ወዲህ ፍም በተያያዘ ቁጥር ሰላጣ አጠገቤ አይጠፋም።

ነገሩ ይህ ነው። የሰላጣው ራስ ሳይበተን ከላይ እስከ ግንዱ ለሁለት ይሰነጠቃል። የተቆረጠው ፊት ዘይት ይቀባና በጣም በጋለ ፍም ወይም ብረት ላይ ለአጭር ጊዜ ይደፋል። እንዲበስል አይፈለግም። ፊቱ እዚህም እዚያም ይጠቁራል፣ ጠርዙ ይለሰልሳል፣ ልቡ ግን እንደ ቀዘቀዘ፣ ሲነክሱት ቀጭ እንዳለ ይቀራል። አንድ ጉርሻ ውስጥ የጭሱን ጣዕምና የጥሬውን ለጋነት አብራችሁ ታገኛላችሁ።

እሳቱ ምን ይጨምርለታል? ከሰላጣ ክብደት 95 በመቶ ያህሉ ውሃ ነው። ጥሬውን የሚያጣፍጠው ዘይቱና ሎሚው እንጂ ቅጠሉ ራሱ ብዙም አይደለም። አሁን ቡና ስንቆላ የሚሆነውን አስቡት። ጥሬው ቡና ሣር ሣር ነው የሚለው። መልኩ እየተለወጠ ሲሄድ ግን ሽታው ጎረቤት ይጠራል። በምግቡ ውስጥ ያለው ስኳርና የፕሮቲን ቅንጣት በሙቀት ሲገናኙ አዲስ ሽታ፣ አዲስ ጣዕምና ቡናማ ቀለም ይፈጠራል። ፈረንሳዊው ኬሚስት ልዊ ካሚል ማያር በ1912 እ.ኤ.አ. ስለ ገለጸው ለውጡ በስሙ ይጠራል። በክረምት መንገድ ዳር የሚጠበሰው በቆሎ ሽታም ከዚሁ የመጣ ነው። ሰላጣው ላይ ያለችው ትንሽ ስኳር ለዚህ ትበቃለች።

ግን አንድ ነገር ይጠይቃል። ይህ ለውጥ በደንብ የሚፋጠነው ሙቀቱ 140 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ሲደርስ ነው። ውሃ ደግሞ አዲስ አበባ ላይ ከከፍታው የተነሳ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ቅጠሉ እርጥብ ከሆነ እሳቱ ጉልበቱን የሚጨርሰው ያንን ውሃ በማትነን ነው። ውሃው እስኪያልቅ ሰላጣው ተቀቅሎ ይልፈሰፈሳል። ሞክረው «አልወደድኩትም» የሚሉ ሰዎችን ስጠይቅ አብዛኛውን ጊዜ ወይ ሰላጣው አልደረቀም፣ ወይ እሳቱ ደካማ ነበር። እንደ እኔ የዚህ ምግብ ሙያ በሙሉ እነዚህ ሁለቱ ላይ ነው ያለው።

ሰላጣን ማሞቅ ራሱ አዲስ አይደለም። ፈረንሳዮች ለጋ አተርን ከሰላጣ ቅጠልና ከቅቤ ጋር ያበስሉታል። ቻይናዎች ሰላጣን በጥሬው ከመብላት ይልቅ በነጭ ሽንኩርት ቶሎ ጠበስ ማድረግ ይቀናቸዋል። በሰሜን ጣልያን በትሬቪዞ አካባቢ ራዲኪዮ የሚባለውን ቀይና መራራ ቅጠል ፍም ላይ ጠብሰው በወይራ ዘይት ይበሉታል። ዛሬ ምግብ ቤቶች በብዛት የሚያቀርቡት ግን የሲዘር ሰላጣን፣ ማለትም ረጅም የሰላጣ ቅጠል እንቁላልና አይብ ባለበት ማጣፈጫ የሚቀርብበትን ምግብ፣ ጥብስ ነው። ሲዘር ሰላጣ በ1924 እ.ኤ.አ. በሜክሲኮዋ ቲዋና ከተማ፣ ሲዘር ካርዲኒ በተባለ ጣልያን ተወላጅ ምግብ ቤት እንደ ተጀመረ ይነገራል። በዚያን ጊዜ አሜሪካ ውስጥ መጠጥ ተከልክሎ ስለነበር አሜሪካውያን ድንበር እየተሻገሩ ይዝናኑ ነበር። የያኔው ሲዘር ቅጠሉ ሳይከተፍ፣ በእጅ እየተነሳ ነበር የሚበላው። ራሱ ሳይበተን መጥበሱ ለዚያ አቀራረብ ቅርብ ይመስለኛል።

ወደ ቤታችን እንምጣ። ለዚህ የሚሆነው ሮሜይን የሚባለው ረጅሙና ጥቅጥቅ ያለው ሰላጣ ነው። መካከሉ ላይ ያለው ወፍራም ነጭ ጅማት ሙቀት ይችላል። ቅጠሉ የተበተነው ሰላጣ ግን ፍርግርጉን አልፎ ፍም ውስጥ ይገባል፤ አትድከሙበት። ሮሜይን ካጣችሁ ጥቅል ጎመን በአራት ተሰንጥቆ ይጠበሳል፤ እሱ ግን በየፊቱ አራት አምስት ደቂቃ ይፈልጋል። አንድ ራስ ሰላጣ ለሁለት ሰው ይበቃል። ግንዱን እንዳትቆርጡት። ቅጠሎቹን አንድ ላይ የያዛቸው እሱ ነው። የጠቆረውን ጫፍ ብቻ ሳሳ አድርጋችሁ ላጡት።

አጠባውን አደራ እላለሁ። እሳቱ ፊቱን ብቻ ስለሚነካ ውስጡ ያለ ተሕዋስ አይሞትም። በ2018 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ በኢ ኮላይ ባክቴሪያ ምክንያት ሕዝቡ ሮሜይን ጨርሶ እንዳይበላ የጤና ባለሥልጣናት አስጠንቅቀው ነበር። ስለዚህ የተጠበሰውንም እንደ ጥሬ ቁጠሩት። ከሰነጠቃችሁት በኋላ በንጹሕ የሚወርድ ውሃ ቅጠሉን ፈልቀቅ እያደረጋችሁ እጠቡት። አቼቶ ያለበት ውሃ ውስጥ ማቆየት ጀርሙን ይቀንሳል፤ ሙሉ በሙሉ ግን አያጠፋም። የውሃው ንጽሕና የሚያጠራጥራችሁ ከሆነ፣ ወይም ነፍሰ ጡር የምትመገብ ከሆነ፣ ጎመኑን በደንብ አብስሉት፤ ሰላጣውን ለሌላ ቀን ተዉት። ከታጠበ በኋላ አራግፉትና በንጹሕ ፎጣ ላይ ፊቱን ደፍታችሁ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት አቆዩት። ጊዜ ካላችሁ ፍሪጅ ውስጥ ይሁን። ልቡ በቀዘቀዘ ቁጥር ከትኩሱ ፊት ጋር ያለው ልዩነት ይጎላል።

ከሰሉ ነበልባሉ አልፎ ነጭ አመድ እስኪለብስ ጠብቁ። መዳፋችሁን አንድ ስንዝር ያህል ከፍ አድርጋችሁ ያዙበት። ሁለት ሦስት ሰከንድ ብቻ ከቻላችሁ ደርሷል። ዘይቱን ፍርግርጉ ላይ አታፍስሱ፤ የሰላጣውን ፊት በስሱ ቀቡት። ዘይት ከበዛ ይንጠባጠብና እሳቱ ይነሳል፤ ቅጠሉም ጥላሸት ጥላሸት ይላል። ፊቱን ደፍታችሁ አትነካኩት። አንድ ደቂቃ ተኩል ሲሆን ጠርዙን አንሡና እዩ። ቡናማና ጥቁር መስመር ከወጣበት ጀርባውን 30 ሰከንድ አስነክታችሁ አውጡት። ከሰል ቤት ዘግቶ ማቀጣጠል ሰው ይገድላልና ውጭ ወይም ደጃፍ ላይ ይሁን። ኮንዶሚኒየም ላይ ከሆናችሁ ወፍራም የብረት መጥበሻ በደንብ አግላችሁ ተጠቀሙ። ጭሱን በከፊል ታጣላችሁ፤ ቡናማው ግን ይወጣል። የእንጀራ ምጣዳችሁን ግን ለእንጀራው ተዉለት።

ለማጣፈጫው እኔ ሰናፍጭ ነው የምመርጠው። ለአንድ ራስ ሰላጣ ሦስት የሾርባ ማንኪያ ዘይት፣ የአንድ ሎሚ ጭማቂ፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ሰናፍጭ፣ አንድ ፍንካች የተወቀጠ ነጭ ሽንኩርትና ጨው በብርጭቆ ውስጥ ወፈር እስኪል ምቱት። ሰናፍጩ አፍንጫ የሚነዝረው ነገር ለጭሱ በጣም ይስማማዋል። ሰላጣው ከእሳት እንደ ወጣ አፍስሱበት፤ ሙቅ ቅጠል ቶሎ ይጠጣል። ከላዩ የሚኮሽ ነገር ይፈልጋል። ፈረንጆቹ የተጠበሰ ዳቦ ይጠቀማሉ። እኔ ድርቆሽ እጄ ላይ ፈርፈር አድርጌ እበትንበታለሁ፤ ኮምጠጥ ማለቱ ከሎሚው ጋር ይገጥማል። ፍስክ ከሆነ አይብ ጨው ነካ አድርጋችሁ ጨምሩበት። በጾም ቀን አይቡን ተዉና የተቆላ ሰሊጥ ወይም ኦቾሎኒ አድርጉበት። ሲዘር ሰላጣ ራሱ እንቁላልና አይብ ስላለበት ጾም አይሆንም፤ ምግብ ቤት ስታዙ ይህን ልብ በሉ።

ሰላጣው አይቆይም። ከአሥር ደቂቃ በኋላ ውሃ መትፋት ይጀምራል። እንግዳ ካላችሁ ሥጋው፣ እንጀራው፣ ሌላው ሁሉ ገበታ ላይ ከቀረበ በኋላ፣ ሰዉ እጁን ሲታጠብ ፍሙ ላይ ድፉት።